«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያበቀለው ሥርዓት

አዳማ ውስጥ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የሚተርከው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሳ ከወጣት አንባቢዎች የሚሰማው ጥያቄ «በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ገና በጊዜ ይዟት ለምን አልጠፋም?» የሚል ነው። ጥያቄው የከተማዋ ልጅ ጥያቄ ነው። አዳማን ያሳደጋት የባቡር ጣቢያው ነው፤ በ1946 ዓ.ም. አጠገቧ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በደመወዙ ጎጆ መቀለስ ቻለ። በልብ ወለዱ ጎጃም ግን ትዳር የሁለት ሰዎች ጉዳይ አልነበረም።

ነገሩ ከመሬት ይጀምራል። ርስት ከአቅኚ አባት በአባትም በእናትም የሚወረስ መብት ስለነበር፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። በላዩ ላይ ጉልት አለ፤ ይህ ለመኳንንትና ለአድባራት የተሰጠ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ነው። አጥንት ቆጠራ እንግዲህ ባዶ ኩራት ብቻ አይደለም፤ ሀብትም ሹመትም የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ «እኩያችን አይደለም» እያሉ ሲመልሱ የሰብለ የጋብቻ ዕድሜ ያለፈው በዚህ የተነሳ ነው። አባትየውን ጨካኝ ብቻ አድርጎ ማንበብ መጽሐፉን ያሳንሰዋል፤ እሳቸውም የሥርዓቱ እስረኛ ናቸው።

የበዛብህ እስራት ድርብ ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የስለት ልጅ ስለሆነ፣ ማግባቱ የወላጆቹን ቃል ማፍረስ ነው። ያደገበት የቆሎ ተማሪ ሕይወትም ራሱን የቻለ ዓለም ነበር። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ቤት ቁራሽ ይለምናል፤ የለመነውን ይዞ ወደ ጎጆው ተመልሶ ዜማውን ወይም ቅኔውን ይቀጽላል። ቅኔ የተካነ ሰው በጉባኤ ፊት ይከበራል፣ የመኳንንት ልጆችንም ያስተምራል። በዛብህ ፊታውራሪ ቤት የገባው በዚሁ በር ነው። ዕውቀቱ እልፍኝ ድረስ አስገባው እንጂ የልጅቱ እኩያ አላደረገውም። በእኔ ዕይታ የመጽሐፉ መራር እውነት እዚህ ላይ ነው።

ከፍቅሩ ጎን የሚሄደው የባላገሮቹ አመፅ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአዳማ ዙሪያ ለባለ መሬት እኩል ወይም ሲሶ ሲከፍሉ የኖሩ ጭሰኞች የወለዷቸው አንባቢዎች ግን የአመፁን መሪ አበጀ በለውን በቀላሉ ያውቁታል። የጎጃሙ ባላገር ባብዛኛው ባለ ርስት ስለነበር ጠቡ ከግብሩና ከጌታው ትዕቢት ጋር ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃም ገበሬ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ርስቴን ያስነካል ብሎ በእውነት አመፀ፣ መንግሥትም ወደ ኋላ አለ።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ጉልትም መጽሐፉ በወጣበት ዓመት በአዋጅ ቀረ፤ የርስቱና የጭሰኝነቱ ሥርዓት ያከተመው ግን በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ልብ ወለዱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶችም ያ ዘመን ያደረሰባቸውን ከሰብለ ጋር አብረው አለቀሱ።