የመልቲ ፋይበር ስምምነት፦ ልብስ በኮታ የተሸጠበት ዘመን

መልቲ ፋይበር በሚል ስያሜ የሚታወቀው ስምምነት ከ1974 እስከ 1994 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ ምዕራብ አውሮፓ የሚልኩትን ክር፣ ጨርቅና ልብስ በኮታ የገደበ ዓለም አቀፍ የንግድ ውል ነበር። ዓላማው የበለጸጉት አገሮች ፋብሪካዎች በርካሽ የውጭ ምርት ሳይዋጡ ራሳቸውን እንዲያደራጁ ፋታ መስጠት ነው ይባል ነበር፤ ሆኖም ከርሱ በፊት የነበሩትና በኋላም የተተኩት ውሎች ሲደመሩ ፋታው ከአርባ ዓመት በላይ ዘልቋል።

ነገሩ የጀመረው በጥጥ ነው። በ1957 ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልከውን የጥጥ ጨርቅ «በፈቃዷ» ለመገደብ ስትስማማ፣ የተለቀቀውን ገበያ ሆንግ ኮንግና ሌሎች ወዲያውኑ ሞሉት። ጆን ኤፍ ኬኔዲም በምርጫ ዘመቻቸው ለደቡብ ግዛቶች የጨርቃ ጨርቅ አምራቾች ቃል ገብተው ስለነበር፣ በ1961 የአጭር ጊዜ፣ በ1962 ደግሞ የረጅም ጊዜ የጥጥ ውል በአስተዳደራቸው ግፊት ተፈረመ። ላኪዎች ፊታቸውን ወደ ፖሊስተርና ወደ ሌሎች ሰው ሠራሽ ክሮች ሲያዞሩ፣ የ1974ቱ ስምምነት ሱፍንና ሰው ሠራሽ ክርን ጨምሮ አጥሩን አሰፋው።

ጋት በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራው አጠቃላይ የቀረጥና የንግድ ስምምነት አባል አገሮች አንዱን ከሌላው ሳይለዩ እንዲነግዱና የገቢ ንግድን ከኮታ ይልቅ በቀረጥ እንዲቆጣጠሩ ያዛል። መልቲ ፋይበር በዚያው ድርጅት ጥላ ሥር ሆኖ ሁለቱንም መርሆች ይጥስ ነበር። ገዢው አገር ከእያንዳንዱ ላኪ ጋር ለየብቻ ይደራደራል፤ ኮታውም በልብስ ዓይነት ይከፋፈላል። ለምሳሌ በአሜሪካ አመዳደብ የወንዶች የጥጥ ሱሪ ቁጥር 347፣ የሴቶቹ 348 ነበር። ኮታው በየዓመቱ 6 በመቶ እንዲያድግ በመርህ ደረጃ ቢደነገግም፣ በተግባር ከዚያ በታች የሚፈቀድበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ኮታውን የሚያከፋፍለው የላኪው አገር መንግሥት በመሆኑ፣ የመላኪያ ፈቃዱ ራሱ ሀብት ሆነ። በሆንግ ኮንግ ፈቃድ የያዙ ነጋዴዎች አንድም ሸሚዝ ሳይሰፉ ፈቃዱን ለሌላ ፋብሪካ ያስተላልፉና ትርፍ ያገኙ ነበር። ይህ ወጪ በልብሱ ዋጋ ላይ ስለሚታከል ከፋዩ አሜሪካዊው ወይም አውሮፓዊው ሸማች ነው። ቀረጥ ቢሆን ገንዘቡ ለአስመጪው አገር ግምጃ ቤት በገባ ነበር፤ በኮታ ግን አብዛኛው ከባሕር ማዶ ባለፈቃድ ኪስ ይገባል። የአገር ውስጥ ፋብሪካን ከውጭ ፉክክር ከሚጠብቁ መንገዶች ሁሉ ለጠባቂው አገር ይህን ያህል ውድ የሚሆን ጥቂት ነው።

ማምለጫውም አልጠፋም። ውሉ የሚጠቅሰው ጥጥን፣ ሱፍንና ሰው ሠራሽ ክርን ብቻ ስለነበር፣ ላኪዎች ራሚ ከሚባል ተክል የሚገኘውን ክር ከጥጥ ጋር እየቀላቀሉ ሹራብ መሥራት ያዙ፤ የራሚው ድርሻ ከግማሽ እንዲበልጥ እስከተደረገ ድረስ ሹራቡ ከኮታ ውጭ ነበር። በ1980ዎቹ የአሜሪካ መደብሮች በእንዲህ ያለ ሹራብ የተሞሉት የገዢው ምርጫ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ቀዳዳው የተደፈነው ስምምነቱ በ1986 ሲታደስ ነው።

ከሁሉም ያልተጠበቀው ውጤት ግን የታየው በባንግላዴሽ ነው። የደቡብ ኮሪያው ዴዉ ኩባንያ የአገሩ ኮታ ስለጠበበበት፣ ኮታ ያልተጣለበት አገር ሲፈልግ ዴሽ ከተባለ የባንግላዴሽ ድርጅት ጋር ተዋዋለ፤ በ1979ም 130 ያህል ሠራተኞችን ቡሳን ከተማ ወስዶ አሠለጠነ። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ውለው አድረው ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ሄዱ፣ የራሳቸውን የከፈቱም ነበሩ። አሜሪካ በ1985 በባንግላዴሽም ላይ ኮታ ስትጥል ሙያው አገሩን ለምዶ ነበር።

ስምምነቱ በ1995 የዓለም የንግድ ድርጅት ሲመሠረት በሌላ የሽግግር ውል ተተካ፤ ገበያው በአራት ደረጃ፣ በ16፣ በ17፣ በ18ና በ49 በመቶ፣ እንዲከፈት ተወሰነ። አስመጪ አገሮች የሚለቁትን ዕቃ የሚመርጡት ራሳቸው ስለነበሩ መጀመሪያ ነፃ ያወጡት እምብዛም የማያሰጋቸውን ነው፤ ዋናው ለጥር 1 ቀን 2005 ተረፈ። በዚያ ዓመት የቻይና ልብስ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ፣ የአውሮፓ ኅብረት በሰኔ ከቤጂንግ ጋር አዲስ ገደብ ተስማማ። ነጋዴዎች ግን ቀድመው አዝዘው ስለነበር፣ በክረምቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሹራቦችና ሱሪዎች በወደቦች ታግተው ቆዩና በመስከረም በተደረገ ስምምነት ተለቀቁ።

ጥበቃው ለተጠባቂው ያስገኘው ጊዜ ነው። በጥቂት እጅ ብዙ ማምረት የሚያስችል ዘመናዊ ማሽን ያስገቡ የክርና የጨርቅ ፋብሪካዎች ተጠቅመውበታል። ልብስ ስፌት ግን የሰው እጅ የሚፈልግ ሥራ በመሆኑ፣ የአሜሪካ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ቁጥር በ1990 ከነበረበት 900 ሺህ ገደማ በ2005 ወደ 250 ሺህ ገደማ ወርዷል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ፋብሪካን ወደ አዲስ አገር የሚገፋው ኮታ ከተነሳ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ባለሀብቱን ከሳቡት ነገሮች ዋነኛው አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ለአፍሪካ አገሮች ይሰጥ የነበረው የቀረጥ ነፃ ዕድል ነው፤ የአሜሪካ መደበኛ ቀረጥ በጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ በሰው ሠራሽ ክር በተሠራ ሹራብ ላይ 32 በመቶ ይደርሳልና። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ስትታገድ ፋብሪካዎቹ ለአሜሪካ በሚልኩት ልብስ ላይ የወደቀው ይኸው ቀረጥ ነው።