ስለ አገልግሎት ጥሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እግዚአብሔር ለአገልግሎት ጠርቶኛል» ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ ለመመርመር ግን ከባድ ነው። ምእመናን ስለ ጥሪ ከሚይዟቸው አሳቦች አንዳንዶቹ የተጠራውን ሰው ሲያስቀሩት፣ ሌሎቹ ደግሞ ያልተጠራውን ያስሮጡታል።

«ጥሪ በራእይ ወይም በሕልም ካልመጣ ጥሪ አይደለም።»

ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃን እንዳየ የሚክድ የለም፤ እርሱን የሁሉ መለኪያ ማድረግ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ያላደረገው ነው። ነህምያ ድምፅ ሰማ ተብሎ አልተጻፈም። በሱሳ ግንብ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ሳለ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ከወንድሙ ከአናኒ ሰምቶ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ከዚያም ንጉሡን ፈቃድ ጠይቆ ሄደ፤ ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። በስሙ የተጠራው ሳሙኤል እንኳ ድምፁን የሰው መስሎት ደጋግሞ ወደ ዔሊ ሮጧል፤ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተውሎ የነገረው ሽማግሌው ካህን ነው።

«የተጠራ ሰው ራሱን ስለሚያውቅ የማንም ማረጋገጫ አያስፈልገውም።»

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የተሻለ መልስ መፈለግ አያሻም። የጢሮስ ሰው የነበረው ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሳፈረበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጠቅቶ፣ ከወንድሙ ከኤድስዮስ ጋር ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ሊሰብክ አስቦ አይደለም። ወንድሙ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሲሆን እርሱ መዝገብና ሒሳብ ያዘ፤ ንጉሡም ሲሞት፣ አልጋ ወራሹ እስኪያድግ ድረስ በአስተዳደሩ እንዲረዷት ንግሥቲቱ ለመነቻቸው። በዚህ ኃላፊነት ላይ እያለ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያዘጋጁ ያበረታታቸው ነበር። ልጁ ሲነግሥ ኤድስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ፣ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስን ጠየቀ። ለራሱ ሹመት አልለመነም፤ አትናቴዎስና አብረውት የነበሩት ካህናት መክረው፣ ከአንተ የሚሻል ከወዴት ይገኛል ብለው እርሱኑ ሾመው መለሱት። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 እንደምናነበውም፣ መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ ያለው ለአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጾመው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ሰደዷቸው።

«ጥሪ ማለት መድረክ ወይም መቅደስ ነው።»

በኦሪት ዘጸአት በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ የተባለው ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ የሚሠራ፣ እንጨት የሚጠርብ የእጅ ባለሙያ ነበር። በሌሊት ቤተልሔም በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ቤት ለቁርባን የሚሆነውን ኅብስት የሚጋግረው ዲያቆንም በዚያ ሰዓት ማንም አያየውም፤ ያለ እርሱ ግን ቅዳሴ አይገባም።

«መንፈስ ቅዱስ ካለ ትምህርት ምን ያደርጋል?»

ይህን የሚሉ ሰዎች ያልተማሩ ተብለው የተጠሩትን ጴጥሮስንና ዮሐንስን ይጠቅሳሉ፤ ነገር ግን ሁለቱ ከጌታ እግር ሥር ውለው አድረው እንደተማሩ አይጨምሩም። ጳውሎስም ከሕግ መምህሩ ከገማልያል የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከተጠራ በኋላ ጴጥሮስን ለማየት ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሆነ ለገላትያ ሰዎች ጽፏል። በአብነት ትምህርት ቤት ከንባብ እስከ ዜማ፣ ከቅኔ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ፣ ቁራሽ እየለመነ ዓመታት የሚቀመጥ ተማሪ መንፈስ ቅዱስን ተጠራጥሮ አይደለም።

«የተጠራ ሰው ሥራውን መልቀቅ አለበት።»

አንዳንዱ ይለቃል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ በገጠር አርሰው የሚቀድሱ፣ በውጭ አገርም ሳምንቱን በሌላ ሥራ ውለው እሑድ የሚያገለግሉ ካህናትና ፓስተሮች ጥቂት አይደሉም።

«ብቁ ካልሆንኩ አልተጠራሁም።»

ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው ሲል፣ እግዚአብሔር አንደበተ ርቱዕ ነህ ብሎ አልሸነገለውም። ከአፍህ ጋር እሆናለሁ አለው፤ እንደገና እምቢ ባለ ጊዜም ተቆጣው፤ ጥሪውን ግን አላነሣለትም፤ ወንድሙን አሮንን ጨመረለት።