ቦንሃምን ጉልበተኛ ያደረገው ማነው? ስለ ሮክ ድራመሮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ወሎ ውስጥ ስለ ከበሮ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የመንዙማ ድቤ እየሰማ ያደገ አለ፣ የላሊበላን ማኅሌት እየሰማ ያደገ አለ፣ ሁለቱንም ለይቶ የሚያውቅም ሞልቷል። ጆሮ ሞልቷል ማለት ነው። ይኸው ጆሮ የሮክ ድራም ፊት ሲቀርብ ግን ምን እንደሚነካው እንጃ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የሠርግ ባንድ ወጣቶች ሰብሰብ ባሉበት ስለ ታላላቆቹ የሮክ ድራመሮች ወሬ ከተነሳ፣ የመጀመሪያው ቡና ሳይወርድ ያው የተለመደው ዝርዝር ይጀመራል። የቢትልሱ ሪንጎ ዕድለኛ ነበር፤ የሌድ ዘፕሊኑ ቦንሃም ጉልበት ነበረው፤ ድራሙ በበዛ ቁጥር ሰውየው ጎበዝ ነው። አንዳንዱ በአንድ መስመር ይወድቃል። አንዱ ግን ቆዳ እየቀደደ፣ ፔዳል እየሰበረ፣ የሠርገኛ ጆሮ እያደነቆረ ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሪንጎ ስታር ደካማ ነበር፤ ጆን ሌነን ራሱ ‹ከቢትልስ ውስጥ እንኳ ምርጡ ድራመር አይደለም› ብሏል።»

አላለም። ቀልዱ በእንግሊዝ ኮሜዲያን አፍ የተሰማው ሌነን በ1980 ከተገደለ በኋላ ነው። ለሐሜቱ ሽፋን የሰጡት ግን ሁለት እውነተኛ ነገሮች ናቸው። በ1962 «ላቭ ሚ ዱ» ሲቀረጽ፣ ከቅጂዎቹ በአንደኛው ድራም የመታው ለስቱዲዮ የተቀጠረው አንዲ ኋይት ነው፤ ሪንጎ ታምቡሪን ይዞ ቆሟል። በ1968 ደግሞ ሪንጎ ተቀይሞ ቡድኑን ለጥቂት ቀናት ጥሎ ሲወጣ ፖል ማካርትኒ ድራሙ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን ደምሮ «ሪንጎ አይችልም» ማለት፣ ድምፁ ለተዘጋ አንድ ቀን ሌላ ሰው የተካውን ዘፋኝ ዘፋኝ አይደለም እንደማለት ነው።

አስቸጋሪነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሪንጎ ግራኝ ነው፤ ድራሙ ግን ለቀኝ እጅ የተዘረጋ ነው። ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው ከስኔር (ፊቱ ካለው ጠፍጣፋ ድራም) ተነስቶ ቶሞቹን (ዙሪያውን ያሉትን ድራሞች) ሲያዳርስ በቀኝ ይመራል፣ መንገዱም ክፍት ነው። በግራ የሚመራ ሰው በዚያው መንገድ ሲሄድ እጆቹ ይጠላለፋሉ፤ ስለዚህ ወይ ትንሽ ይዘገያል ወይ ሌላ መዞሪያ ይፈልጋል። የ1969ኙን «ካም ቱጌዘር» ለመቅዳት የሞከረ ሁሉ ምቶቹን ቆጥሮ ይዞ አወራረዱ የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቶሞቹ ላይ ደግሞ የወጥ ቤት ፎጣ ጣል ተደርጎባቸዋል፤ ድምፃቸው አጭርና ድፍን የሆነው በፎጣው ነው። ተፅዕኖውን ለሚጠይቅ፣ የካቲት 1964 ቢትልስ አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ ወደ 73 ሚሊዮን ሰው አይቷቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ስቲክ በአንድ ዓይነት አያያዝ መያዝ የሮክ ልማድ ሆነ።

«የሮክ ምት የተፈጠረው እንግሊዝ ነው።» አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊየንስ ሂዱ። ድራመሩ ኧርል ፓልመር በ1949 ከፋትስ ዶሚኖ ጋር፣ በ1955 ከሊትል ሪቻርድ ጋር ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ስኔር ላይ ሲጫን፣ ሪንጎ ገና ልጅ ነበር።

«የፊል ኮሊንስ ‹ኢን ዚ ኤር ቱናይት› ዘፈን ላይ ያለው የማሽን ድራም ነው።» ግማሹ ልክ ነው። ከመጀመሪያው የሚንጠባጠበው ሮላንድ ማሽን ነው፤ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በኋላ እንደ ናዳ የሚወርደው ግን የፊል ኮሊንስ እጅ ነው። ያ ድምፅ የመጣው በ1980 የወጣው የፒተር ገብርኤል አልበም ሲቀረጽ ነው። ኢንጂነሩ ሂው ፓድጋም ከሙዚቀኛው ጋር ለመነጋገር ብቻ የተሰቀለውን ማይክ ከፈተው፤ ማይኩ የክፍሉን ማስተጋባት በኃይል እያመቀ አመጣ፣ ጌት የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ማስተጋባቱን በመሃል ቆረጠው። ገብርኤል ሲምባል (የነሐስ ሳህኑ) እንዳይመታ በመከልከሉም ነገሩ ተሳካ፤ የሲምባል ጅራት ጌቱን አያዘጋውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው።

«ጆን ቦንሃም ያን ድምፅ ያመጣው በጉልበት ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ፔዳል ነበረው።»

ከፔዳሉ እንጀምር። የሌድ ዘፕሊን የመጀመሪያ አልበም በ1969 ሲወጣ መክፈቻው «ጉድ ታይምስ ባድ ታይምስ» ነበር፤ እዚያ ላይ የሚሰማው የእግር ጥድፊያ በአንድ ፔዳል፣ በአንድ ቀኝ እግር የተመታ ነው። ቦንሃም ሁለት ባስ ድራም (በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም) ለአጭር ጊዜ ሞክሮ ትቶታል። ሁለት እግር የሚመስለው ምስጢር ቀላል ነው፦ ሦስትዮሽ (እኩል የተከፈሉ ሦስት ምቶች) ይቆጠራል፣ የመጀመሪያውን እጅ ይወስደዋል፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እግር ይመታዋል። እጅ፣ እግር፣ እግር። ለመለማመድ ፍጥነት ጠባቂውን ሜትሮኖም 80 ላይ አድርጉትና ለእያንዳንዱ ክሊክ አንድ ሦስትዮሽ ምቱ። ሁለት ደቂቃ ሳይዛነፍ ከሄደ 4 ጨምሩ። ዘፈኑ ጋ ለመድረስ 180ን ማለፍ ያስፈልጋል፤ የወራት ሥራ ነው፣ አብሽሩ።

የሚበላሸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ልጁ ሁለቱንም ምት በጭኑ ይመታል። ጭን ከባድ ነው፤ የመጀመሪያውን መትቶ እስኪመለስ ሁለተኛው አልፏል። ተረከዝ ብድግ ይበል፣ እግር ከፔዳሉ ጫፍ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያው ምት እዚያው ይመታል፣ ሁለተኛው እግሩ ወደ ፊት ሸርተት ሲል በቁርጭምጭሚት ይመጣል። የፔዳሉን ስፕሪንግ «ፍጥነት እንዲሰጥ» እያሉ እስኪጮህ የሚወጥሩም አሉ፤ የተወጠረ ስፕሪንግ መዶሻውን ይመልሳል እንጂ አይመታላችሁም፣ ትርፉ ባት ማመም ነው።

ድምፁስ? በ1971 የወጣውን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ሰምቶ «እንዴት ያለ ክንድ ነው!» የሚል ሰው የሚያደንቀው ከክንዱ ይልቅ የቤቱን መወጣጫ ደረጃ ነው። ድራሙ የተቀረጸው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ የእንግሊዝ ገጠር ቤት መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከፍ ብሎ በሚወጣው ደረጃ ላይ ሁለት የቤየር ማይኮች ተሰቀሉ፤ ባስ ድራሙ ሥር የተደቀነ ማይክ አልነበረም። ኢንጂነሩ አንዲ ጆንስ ሁለቱን በኮምፕረሰር አምቆ፣ ቢንሰን የሚባል የኢኮ መሣሪያ ጨመረበት። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ሊሆን አይገባም። ላሊበላ ውስጥ አንዱን ከበሮ ውጭ ቅጥሩ ላይ፣ ቀጥሎ ከአለት በተፈለፈለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲመታ የሰማ ሰው፣ መቺው ሳይቀየር ከበሮው ሲቀየር ሰምቷል። ድንጋዩ አብሮ ይመታል። ያንኑ ድራም ሸራ ድንኳን ውስጥ አስገቡት፤ ሸራውም፣ ሰዉም፣ ጋቢውም ድምፁን ይጠጡታል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ብትቀጠቅጡ የደረጃው ድምፅ አይመጣም።

ሌላው ቅኝት ነው፣ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። የቦንሃም ባስ ድራም 26 ኢንች፣ ማለት 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ እኛ ዘንድ የተለመደው 22 ነው። የፊት ቆዳው ቀዳዳ የለውም፣ ሆዱ ውስጥ የታጨቀ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ የተወጠረውም ብዙዎች ከሚገምቱት ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ በመጠኑ ሲነካ እንኳ ረጅም ይናገራል። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ባስ ድራሙን ብርድ ልብስ ይጠቀጥቅበታል፣ ቆዳውን ያላላዋል፣ ድምፁ እንደ ካርቶን ሲሆን ድራመሩን «ምታው እንጂ!» ይለዋል። ልጁም ይመታል። መዶሻው ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ድምፁ ይታነቃል፣ በሳምንቱ ቆዳው ይቀደዳል።

ብርድ ልብሱን አውጡ። አንድ የታጠፈ ፎጣ፣ የመምቻውን ቆዳ የታችኛውን ጫፍ ብቻ ነካ አድርጎ ይተኛ፤ ይበቃል። ከዚያ ሁሉንም ድራም እንዲህ ቃኙት። ቆዳውን አውልቁ፣ የእንጨቱን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከጠርዙ ሥር የገባች ጠጠር ሙሉ ቀን ታስለፋለች። ቆዳውን መልሱና ብሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ እስኪቆሙ አዙሩ። ቀጥሎ በቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ብሎን ወደ ፊት ለፊቱ ብሎን እየተሻገራችሁ። ባለ 14 ኢንቹ ስኔር አብዛኛውን ጊዜ 10 ብሎን አለው፤ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ የሚሄድ ሰው ቀለበቱን ያጣምማል፣ የተጣመመ ቀለበት ደግሞ አይቃናም። መሃሉን በመዳፍ ጫን አድርጉት፤ ጠጠር ጠጠር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አትደንግጡ፣ ሙጫው ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ብሎን 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በስቲኩ ጫፍ መታ መታ አድርጉ። ዝቅ ያለውን በሩብ ዙር ከፍ፣ ሁሉም አንድ ቃል እስኪናገሩ። የታችኛውን ቆዳ ከላይኛው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቃኙት። ክራር ለመቃኘት ግማሽ ሰዓት የሚታገስ ሰው፣ ለድራም አምስት ደቂቃ ሲነፍግ ማየት ይገርማል።

በነገራችን ላይ፣ ከበሮ ሲረግብ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ይቀመጣል፤ ትክክል ነው፣ የእንስሳ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። የድራም ቆዳ ግን ከ1950ዎቹ ወዲህ ፕላስቲክ ነው። የደሴ ጭጋግ አያረጥበውም። ከሰል ዳር ያስቀመጣችሁት እንደሆነ ይኮማተርና ወደ ቆሻሻ ነው።

ቦንሃም ጠንካራ መቺ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ይኸው ሰው በ1969ኙ «ሞቢ ዲክ» ሶሎው መሃል ስቲኮቹን ጥሎ በባዶ እጁ ይመታል፣ እንደ እኛው ከበሮ መቺ። ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ክፍል ባልተሰማ ነበር።

«ጎበዝ ድራመር እጁ አያርፍም።»

የሮሊንግ ስቶንሱን ቻርሊ ዋትስን ተመልከቱት። ግራ እጁ ስኔሩን በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁ ሃይሃቱን (በፔዳል የሚገጥመውን ጥንድ ሲምባል) ይተወዋል፤ ከፍ ይልና ባዶ አየር ላይ ያልፋል። ውጤቱ ስኔሩ ሲምባል ሳይደረብበት ብቻውን ይሰማል። በአንድ ማይክ ሠርግ ለሚያጅብ የወልድያ ባንድ ከዚህ የሚጠቅም ዘዴ የለም፤ ሃይሃቱ ዘፋኙ ማይክ ውስጥ የሚገባው በዚህ ይቀንሳል።

«ድራም በበዛ ቁጥር...» የቬልቬት አንደርግራውንዷ ሞ ታከር ባስ ድራሙን አጋድማ፣ ቆማ፣ ሲምባል ከሞላ ጎደል ትታ መታች። ከሷ የቀዱትን ባንዶች ቁጠሯቸው። የዴፍ ሌፐርዱ ሪክ አለን ደግሞ በ1984 የዓመቱ መጨረሻ ቀን በመኪና አደጋ ግራ ክንዱን አጣ፤ የግራ እጁን ሥራ ለግራ እግሩ በፔዳል አስረክቦ በ1986 በእንግሊዙ የዶኒንግተን የሮክ ድግስ ላይ ሕዝብ ፊት ቀረበ። ሁለት እጅ ኖሮት ድራም ያነሰው ወንድማችን ይህን ያስብበት።

«ጭክጭካ የሚመታ ሰው ሻፍል አያቅተውም።»

ይህቺ የወሎ ልዩ ስህተት ናት፣ ከኩራት የመጣች። እውነት ነው፣ ባቲንም አምባሰልንም ሲያጅብ የኖረ እጅ ሦስትዮሽ ለመቁጠር አይቸገርም። ችግሩ መሃለኛው ላይ ነው። በተራ ሻፍል ከሦስቱ መሃለኛው ዝም ይላል። አሜሪካዊው ድራመር በርናርድ ፐርዲ ባስተማረው፣ ቦንሃም በ1979 «ፉል ኢን ዘ ሬን» ላይ፣ የቶቶው ጄፍ ፖርካሮ በ1982 «ሮዛና» ላይ በተጫወቱት ግማሽ ፍጥነት ሻፍል ግን መሃለኛው አለ፤ ጎስት ኖት ይሉታል፣ ግራ እጅ ስኔሩን የሚዳብስበት፣ መቺው ራሱ እንኳ በቅጡ የማይሰማው ምት። ቀኝ እጅ ሃይሃት ላይ አንደኛውንና ሦስተኛውን ይወስዳል፤ ከአራቱ ቆጠራ ሦስተኛው ላይ ብቻ ስኔሩ ከልብ ይመታል። ለዚያ ስቲኩ 25 ሳንቲ ሜትር ይነሳ። ለጎስት ኖቱ ከ3 አይለፍ። የእኛ እጅ ይህን አይታገስም፤ መሃለኛውን ከሌሎቹ እኩል አድርጎ ያወጣዋል፣ በአራተኛው መስመር ላይ ፖርካሮ ሄዶ ጭክጭካ ገብቷል። ሠርገኛው ግን ምን ተዳው፣ እስክስታውን ይወርድበታል።