ሬኔ ዳቪድ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቀው ፕሮፌሰር

ሎው ስኩል የገባ ሰው ሬኔ ዳቪድ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይወጣም፤ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው «የ1952ቱን (በኛ አቆጣጠር) ፍትሐ ብሔር ያረቀቀው ፈረንሳዊ» ብለን ብቻ ነው፣ ከዛ በፊትና በኋላ ምን ሲሰራ እንደኖረ ብዙም አይወራም።

በፈረንጆች 1906 ፓሪስ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ግሬኖብል ማስተማር ጀመረ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደሞ ሮም ሄዶ የአገራትን የግል ሕግ ለማቀራረብ በተቋቋመው ዩኒድሯ ሰራ፣ ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ዩኒቨርሲቲ፣ መጨረሻ ላይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ። የእንግሊዝንም የሶቪየትንም ሕግ በደንብ ያጠና ሰው ነው። የዓለምን ሕጎች በቤተሰብ በቤተሰብ ከፍሎ የጻፈው መጽሐፍ በ1964 ወጥቶ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ በ1976 ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር የኢራስመስ ሽልማትን አገኘ።

ለኛ ግን ዋናው በፈረንጆች 1954 የመጣለት ስራ ነው፣ አፄ ኃይለሥላሴ ሕጎቹን በኮድ (ተሰብስቦና ተደራጅቶ ባንድ ላይ በሚወጣ ሕግ) ለማውጣት ሲነሱ ፍትሐ ብሔሩ ለሱ ተሰጠ፤ በፈረንሳይኛ እያረቀቀ፣ ለዚሁ ስራ የተቋቋመው ኮሚሽን እየተወያየበት፣ ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ እየተተረጎመ 3367 አንቀጽ ሆነና በኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1953 ስራ ላይ ዋለ። የፈረንሳይን ሕግ ገልብጦ ሰጠን የሚሉ አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፤ የስዊዝ፣ የጣሊያን፣ የግሪክና የግብፅ ኮዶችን አይቶበታል፣ ፈረንሳዮች ትልቅ ቦታ የሚሰጡትን «ኮዝ» (ውሉ የተገባበት ምክንያት) የሚባል የውል መስፈርት እንኳን ጭራሽ አላስገባውም። አንቀጽ 1678ን አንብቡት፣ ለውል የሚጠይቀው ችሎታና ፈቃድ፣ እርግጠኛነት ያለው፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሕግ ካዘዘ ደሞ ፎርም፣ በቃ። ኮድ ማውጣት የአገራትን ሕግ እያነጻጸረ የሚያጠና ምሁር ብቻ የሚችለው ስራ እንደሆነ የሚገባኝ እዚህ ጋር ነው።

የምከፋበትም አለ። አንቀጽ 3347 ኮዱ በሸፈነው ጉዳይ ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሻረ፣ ገጠር ያለው ሰው ግን በሽማግሌው መዳኘቱን አልተወም። ፍቺን ለቤተዘመድ ሽማግሌዎች መስጠቱ ልማዱን ትንሽ አስታውሶታል፣ እሱም ቢሆን በፈረንጆች 2000 በወጣው የቤተሰብ ሕግ ተቀየረ፤ የገጠር መሬቱ ክፍል ደሞ መሬቱን የሕዝብ ካደረገው የ1975ቱ (በፈረንጆች) አዋጅ በኋላ ትርጉም አጣ።

ዳቪድ በፈረንጆች 1990 አረፈ። የውሉና ከውል ውጭ ኃላፊነቱ (ያለ ውል በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት መካስ) ክፍል ግን ዛሬም ፍርድ ቤት በየቀኑ ይጠቀሳል፤ ቤት ገዝቶ ውሉን ያላስመዘገበ ሰው በአንቀጽ 1723 ምክንያት እስከ ሰበር ሲከራከር የኖረው በሱ ረቂቅ ላይ ነው።