የማዘጋጃ ቤት ገቢ ምንድን ነው?

ሰፈራችን ለኮብልስቶን ገንዘብ ሲያዋጣ ነው ይህን ቃል በደንብ የሰማሁት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። ገንዘብ ያዥ የሆኑት መምህር የየቤቱን ስም ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ተነሡና፣ «መምህር፣ እኔ የዓመቱን ግብር ከፍዬ ደረሰኙም ቤት አለ። ደግሞ የምን መዋጮ ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። ያን ቀን ግን የሚያስረዳቸው ሰው አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ጎንደር ያለ የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው የመንግሥት ገቢ ይባላል። የደመወዝ ግብርና የንግድ ትርፍ ግብር እዚህ ይገባሉ። ከክልሉ ከሚመጣው ድጎማ ጋር ተደምሮ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለሌላው ሠራተኛ ደመወዝ ያልቃል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። የመሬት ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የቄራና የመናኸሪያ አገልግሎት ክፍያ በዚህ ሥር ናቸው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይና የመንገድ መብራት በዋናነት የሚሠሩት ከዚህኛው ነው። የእናታችን የሱቅ ግብር የገባው ወደ መጀመሪያው ኪስ ነበር።

መንገድ ሁሉ የማዘጋጃ ቤት ነው ማለት ግን አይደለም። ከአዘዞ ወደ ጎንደር የሚያስገባውን ዋና አስፋልት የሚያሠራው የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው። ከዋናው አስፋልት ታጥፈን ወደ ሰፈር ስንገባ ነው የማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ የሚጀምረው።

ከሁለተኛው ኪስ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሊዝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል። የወሰደው ሰው ቢያንስ ከመቶ 10 ቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪውን በየዓመቱ ያወራርዳል። ጨረታው ሲደምቅ ቦይ ይቆፈራል፣ ድንጋይ ይነጠፋል። ጨረታው ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አንድ ቦታ በጨረታ የሚወጣው አንዴ ነው፤ መንገዱ ግን በየክረምቱ ጥገና ይፈልጋል። ጎንደር ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። የሐምሌ ጎርፍ ቦይ ካላገኘ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል።

በየዓመቱ ሳይቋረጥ መግባት የነበረበት የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። ሲሠራበት የኖረው ሕግ ግን አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው፤ የደርግ ዘመን ሕግ። ቤቱ ፎቅ ሆኖ ግብሩ የጭቃ ቤት ሆኖ የቀረበት ቦታ ብዙ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነው። ሰው ኑሮ ከብዶት ሳለ ሌላ ግብር መምጣቱ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ብሩ የሰፈር መንገድ ላይ ሲውል በዓይናችን ካየን የምንከፍል ይመስለኛል።

ለጥገና ብቻ የተለየ ገንዘብም አለ። የመንገድ ፈንድ ይባላል፤ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመ ነው። ባለባጃጁ ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ከእያንዳንዱ ሊትር የተወሰነ ሳንቲም ወደዚህ ፈንድ ይሄዳል። ከፌዴራልና ከክልል መንገዶች ቀጥሎ ከተሞችም ከእሱ ይካፈላሉ።

የዓለም ባንክ የደገፈው፣ 117 ከተሞችን ያቀፈው ዩ.አይ.አይ.ዲ.ፒ. የተባለው የከተሞች ተቋማትና መሠረተ ልማት ፕሮግራምም ነበር። አሠራሩን እወደዋለሁ። ከተሞች በየዓመቱ ይመዘኑ ነበር፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው በውጤታቸው ነበር። ደግሞም ከተማው ከራሱ ገቢ ድርሻውን መጨመር ነበረበት። ማቺንግ ፈንድ የሚሉት ይህን ነው።

የነዋሪው መዋጮ የሚመጣው ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የተወሰነውን ይሸፍናል፣ ሰፈሩ የቀረውን ያዋጣል፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ድንጋዩን ጠርበው ያነጥፋሉ። በእኛ ሰፈርም የሆነው ይኸው ነው። እናታችንም በመጨረሻ ከፈሉ፤ ደረሰኝ ግን ሳይቀበሉ አልሄዱም።

ባለፈው ክረምት ጎርፉ የመንገዳችንን የታችኛውን ጫፍ ድንጋይ ነቃቀለው። መምህሩም ያንኑ ደብተር ይዘው እንደገና በየቤቱ ማንኳኳት ጀምረዋል።