«0.0» እና ባዶ ቦታ አንድ አይደሉም

ከዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች በሚመጣው ሰንጠረዥ ላይ እነዚህ ሁለቱ ደጋግመው ስለሚምታቱ ልዩነቱን ላስረዳ። «0.0» ማለት መልእክቱ ደርሷል፣ መሣሪያው ግን ዝናብ አልቆጠረም ማለት ነው። ባዶ ማለት ግን ምን እንደሆነ አናውቅም ማለት ነው፤ ባትሪ አልቆ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በከባድ ዝናብ ሰዓትም ስለሚቋረጥ፣ ባዶውን በ0 መሙላት ጎርፍ እንደመደበቅ ነው።

በየ15 ደቂቃው የደረሱ ንባቦች እነዚህ ናቸው እንበል፦ 3.0፣ 6.2፣ ባዶ፣ 4.8 ሚሊ ሜትር። ድምሩ 14.0 ነው ማለት ስህተት ነው፤ «ቢያንስ 14.0» ነው የሚባለው። ጣቢያው ከመነሻው ጀምሮ የተጠራቀመውን ድምር አብሮ የሚልክ ከሆነ ግን የጎደለው ይገኛል። ቆጣሪው ከባዶው በፊት 109.2፣ በመጨረሻው ንባብ 122.0 ካለ ልዩነቱ 12.8 ነው። ከዚህ ላይ 4.8 ሲቀነስ 8.0 ይቀራል፤ የሰዓቱ እውነተኛ ዝናብም 22.0 ነው። በማስጠንቀቂያ ሥራ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም ሲስተም ያው ነው። የሚለያየው የጎደለ ንባብ ምልክት ነው፦ አንዱ ባዶ ይተዋል፣ ሌላው -999 ወይም 9999 ይጽፋል። ከመደመራችሁ በፊት የሲስተማችሁን መመሪያ እዩ።

«0.0» ራሱም ሊያሳስት ይችላል። የመለኪያው አፍ በቅጠል ወይም በወፍ ጎጆ ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ አይደርስም፣ መልእክቱ ግን በሰዓቱ ይመጣል። አጎራባች ጣቢያዎች ዝናብ እየመዘገቡ፣ የወንዙም ከፍታ እየጨመረ አንዱ ብቻ 0.0 ካለ፣ ያንን ጣቢያ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።