በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ ላይ የቀረ ሜዳይ ስለ ማስገባት

በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ሲሰናበት የሚይዘው ዋና ማስረጃ ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ነው። ከ1950 ጀምሮ ይሠራበታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ፣ መኮንን ያልሆኑ የምድር ጦር አባላት ደግሞ ደብሊው ዲ ኤጂኦ 53-55 የሚባል ቅጽ ነበራቸው። አሁን በሚሠራበት ዲዲ 214 ሜዳዮች፣ ሪባኖችና የደረት ምልክቶች የሚዘረዘሩት በሳጥን 13 ነው፤ ቦታ ሲያንስ ወደ ሳጥን 18 ይሻገራሉ።

ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው። ጸሐፊው የሚሞላው በዚያ ቀን ማኅደሩ ውስጥ ያገኘውን ብቻ ነው። የሜዳዩ ትእዛዝ ወታደሩ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ለክፍሉ በሙሉ የተሰጠ ክብር ደግሞ ከስንብቱ ዓመታት በኋላ የጸደቀበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ የምድር ጦሩ በ1974 ባወጣው አጠቃላይ ትእዛዝ ቁጥር 8፣ በቬትናም በሁለቱ ዋና ዕዞች ሥር ለነበሩ ክፍሎቹ በሙሉ የደቡብ ቬትናም መንግሥት የጀግንነት መስቀል የክፍል ክብር እንደሚገባቸው አረጋግጧል። በ1969 የተሰናበተ ሰው ወረቀት ላይ ይህ ባይኖር የጸሐፊው ጥፋት አይደለም።

ሦስት ዓይነት ጉድለት

ጥያቄው የሚቀርብበትን ቢሮ የሚወስነው የጉድለቱ ዓይነት ነው። ማመልከቻዎች በከንቱ የሚመላለሱትም በአብዛኛው ይህ ስላልተለየ ነው።

አንደኛው ሜዳዩ ተሰጥቶ፣ ትእዛዙም ወጥቶ ሳይጻፍ የቀረበት ነው። ሁለተኛው ማንም ሳያቀርበው በጊዜና በቦታ ብቻ የሚገባ ነው። የብሔራዊ መከላከያ አገልግሎት ሜዳይ ከዚህ ወገን ሲሆን ዘመኖቹ ከሰኔ 27 ቀን 1950 እስከ ሐምሌ 27 ቀን 1954፣ ከጥር 1 ቀን 1961 እስከ ነሐሴ 14 ቀን 1974፣ ከነሐሴ 2 ቀን 1990 እስከ ኅዳር 30 ቀን 1995፣ ከመስከረም 11 ቀን 2001 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2022 ናቸው። የኮሪያ መከላከያ አገልግሎት ሜዳይም በ2002 በሕግ ሲቋቋም ወደ ኋላ እስከ ሐምሌ 28 ቀን 1954 እንዲሠራ ተደርጓል፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ 30 ተከታታይ ወይም 60 የተቆራረጡ ቀናት ያገለገለ ሰው ሳያውቀው ባለመብት ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሁለት ዓይነቶች የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ አያስፈልግም። የቀድሞ ወታደሮችን ማኅደር የያዘው የመዝገብ ማዕከል ወይም የጦር ክፍሉ የሰው ኃይል ዕዝ ዲዲ 215 የተባለውን የማረሚያ ወረቀት አውጥቶ ከዲዲ 214 ጋር ያያይዛል።

ሦስተኛው ከቶ ያልተሰጠ ሜዳይ ነው። ሲልቨር ስታርን የመሰለ የጀብዱ ሜዳይ በማስረጃ ብዛት ብቻ «አይገባም»፤ አንድ ሰው አቅርቦት፣ አንድ ባለሥልጣን አጽድቆት መሆን አለበት። ፐርፕል ኸርት ግን የተለየ ነው። የአቅራቢ በጎ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በጠላት እጅ ለቆሰለና በሕክምና ባለሙያ መታከሙ ለተመዘገበ ሁሉ የሚገባ መብት ነው።

በዚህ መካከል ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። የምድር ጦሩ በ1947 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፍልሚያ ላይ ሆኖ የእግረኛ ተዋጊ ምልክት ወይም የፍልሚያ ሐኪም ምልክት ያገኘ ሰው ብሮንዝ ስታር የተባለው ሜዳይም ይገባዋል። የአባቱን ወረቀት የያዘ ልጅ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው፤ ምልክቱ ተጽፎ ሜዳዩ ያልተጻፈባቸው ወረቀቶች ጥቂት አይደሉም።

የ1973ቱ ቃጠሎ

ከ1960 በፊት የተሰናበተ የምድር ጦር አባል ጉዳይ ከአንድ ሌሊት አደጋ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1973 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ በሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ የሚገኘው የብሔራዊ ሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ስድስተኛ ፎቅ በእሳት ተያያዘ። እሳቱን ለመቆጣጠር ወደ 22 ሰዓት ፈጀ፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ የተነገረው ሐምሌ 16 ቀን ነው። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆኑ የግል ማኅደሮች ወደሙ። ከኅዳር 1 ቀን 1912 እስከ ጥር 1 ቀን 1960 ከተሰናበቱ የምድር ጦር አባላት ማኅደር 80 በመቶ፣ ከመስከረም 25 ቀን 1947 እስከ ጥር 1 ቀን 1964 ከተሰናበቱና ስማቸው በፊደል ተራ «ሀባርድ፣ ጄምስ ኢ.» ከሚለው በኋላ ከሚመጣ የአየር ኃይል አባላት ደግሞ 75 በመቶ ጠፋ። ግልባጭ አልተሠራም፤ ማይክሮፊልም አልነበረም፤ ማውጫ እንኳ አልነበረም። የባሕር ኃይልና የማሪን ማኅደሮች ሳይነኩ ተረፉ። መንስኤው በይፋ አልታወቀም፤ የተጣለ ሲጋራ ነው የሚል ግምት አለ።

የማዕከሉ ሠራተኞች ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሥራ ምስጋና የሚያንሰው ነው። ውሃ የጠጡትንና ጠርዛቸው የከሰለውን ወረቀቶች በቫኪዩም ክፍል አድርቀው አዳኑ፤ ከሌሎች የመንግሥት መዝገቦች እየቃረሙም ማኅደር መልሰው ይገነባሉ። ዋናው ምንጭ የመጨረሻው የደመወዝ ሰነድ ነው፤ ከእሱ ተነሥተው የአገልግሎት ማረጋገጫ ይሰጣሉ። ሁለተኛው የሻምበሉ የዕለት ሪፖርት ነው፤ ማን እንደቆሰለ፣ ማን ሆስፒታል እንደገባ፣ ማን እንደተመለሰ በቀኑ ይጽፋል። ሦስተኛው ከ1942 እስከ 1945 እና ከ1950 እስከ 1954 ያለው የሆስፒታል መግቢያ መረጃ ነው። የዕለት ሪፖርት ፍለጋ የሚሳካው ግን ጠያቂው ሻምበሉን፣ ሬጅመንቱንና የጊዜውን ክልል በጠባቡ ሲሰጥ ነው። «በ1944 ፈረንሳይ ውስጥ ቆሰለ» ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ለዚህ የሚሞላው ቅጽ ኤንኤ 13055 ነው።



አካሄዱ

መጀመሪያ ሙሉ የግል ማኅደሩን መጠየቅ ነው፤ ዲዲ 214ን ብቻ አይደለም። ጥያቄው በኤስኤፍ 180 ቅጽ ወይም በብሔራዊ መዛግብት ድረ ገጽ ይቀርባል። በወረቀት ከሆነ መፈረም ግዴታ ነው፤ ፊርማ የሌለው ይመለሳል። ባለቤቱ ከሞተ የቅርብ ቤተሰብ የሞት ማስረጃ ያያይዛል። ከተሰናበተ 62 ዓመት ያለፈው ሰው ማኅደር ለማንም ክፍት ነው፤ ሆኖም የቅጅ ክፍያ ይጠየቃል።

ማኅደሩ ሲመጣ የሚፈለገው ትእዛዝ ነው፤ የክፍሉ ስም፣ ቁጥርና ቀን ያለው። በዩኒፎርም ላይ ሜዳዩን አንጠልጥሎ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ወይም የቤተሰብ ትዝታ ደጋፊ እንጂ ዋና ማስረጃ አይሆንም። ትእዛዙ ከማኅደሩ ከጠፋ የክፍለ ጦሩ የትእዛዝ ስብስብ በብሔራዊ መዛግብት የኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ቅርንጫፍ ይፈለጋል። ለክፍል የተሰጡ ክብሮች በምድር ጦሩ ፓምፍሌቶች (ትንንሽ መጻሕፍት) ተዘርዝረዋል፤ ቁጥር 672-1 ለሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ለኮሪያ፣ 672-3 ለቬትናም። ቬትናም ላይ 17 ዘመቻዎች ተቆጥረዋል፤ ባለቤቱ ለተሳተፈበት እያንዳንዱ ዘመቻ በሪባኑ ላይ አንድ ትንሽ የነሐስ ኮከብ ምልክት ይገባዋል (ብሮንዝ ስታር ሜዳይ አይደለም)። ወረቀቱ «የቬትናም አገልግሎት ሜዳይ» ብሎ ኮከቦቹን ከዘለለ ይህም ጉድለት ነው።

አስተዳደሩ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ይሄዳል። በ1946 ሕግ የተፈቀዱት እነዚህ ቦርዶች በሲቪሎች የሚመሩ ሲሆን፣ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይል (ማሪንን ይጨምራል)፣ አየር ኃይል እና የባሕር ዳርቻ ጥበቃ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። ቅጹ ዲዲ 149 ነው፤ ክፍያ የለውም። ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ቢባልም፣ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ የዘገየ ሰው ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ቦርዱ «መዝገቡ በትክክል ተሠርቷል» ብሎ ይነሣል፤ ተቃራኒውን ማሳመን የአመልካቹ ሸክም ነው። ማስረጃ ሲላክ ዋናው ሰነድ ሳይሆን ግልባጩ ይላካል፤ የምስክር ቃልም ከዓይን እማኝ፣ ቀንና ቦታ ተጠቅሶ፣ ተፈርሞ ይቅረብ። በሕግ ከጉዳዮቹ 90 በመቶው በ10 ወር ውስጥ ይጠናቀቁ ዘንድ ተደንግጓል። ከተከለከለ በኋላ አዲስ ማስረጃ ያለው ሰው እንደገና እንዲታይለት ይጠይቃል። የቀደሙ ውሳኔዎች ስም ተሰርዞ ለሕዝብ ይወጣሉ፤ ተመሳሳይ ጉዳይ እዚያ ማንበብ ብዙ ያስተምራል።

ጨርሶ ላልተሰጠ የጀብዱ ሜዳይ ጊዜው አልፎ ሲቀርብ ሌላ በር አለ። በሕጉ ርዕስ 10 አንቀጽ 1130 መሠረት የኮንግረስ አባል ጥያቄውን ለጦር ክፍሉ ያስተላልፋል፤ ክፍሉም ያለ ጊዜ ገደብ ይመረምረዋል። በምድር ጦር አቅራቢው ዲኤ 638 ቅጽ ይሞላል፤ ጉዳዩን የሚያውቅ የቀድሞ አዛዥ ወይም በተግባሩ የተሳተፈ ሰው ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ካልተያያዘ አይራመድም።

ስለ ኢትዮጵያውያን

አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ የኢትዮጵያ ተወላጅ ችግር ከሜዳዩ ይልቅ ስሙ ነው። ሳጥን 1 የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ በእኛ ልማድ ግን የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። ትእዛዙ በአያት ስም፣ ዲዲ 214 በአባት ስም ወጥቶ፣ ዜግነት ሲወሰድ ደግሞ ስሙ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። ያኔ የዜግነት ማስረጃውንና የስም ለውጡን ፍርድ ማያያዝ፣ በሁሉም ወረቀት ላይ ያለውን አንድ የአገልግሎት ቁጥር ማመልከትም ይበጃል።

ሁለተኛው የኮሪያ ዘማቾች ጉዳይ ነው። የቃኘው ሻለቃ ጀግኖች ከ1951 ጀምሮ በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተዋግተው ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር የተሸለሙ ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ሰነዶቻቸውን ከ1974 በኋላ እንዳጡ ይነገራል። የአሜሪካ ቦርዶች የሚያርሙት የራሳቸውን ክፍል መዝገብ ስለሆነ ዲዲ 149 ለእነሱ አይሠራም። ሆኖም ሜዳዩ የተሰጠበት ትእዛዝ በሰባተኛው ክፍለ ጦር ወይም በስምንተኛው ጦር የትእዛዝ ስብስብ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ቤተሰብ ኮሌጅ ፓርክ ላይ በጊዜውና በሻለቃው ስም ሊጠይቅ ይችላል።

ከተሳካ በኋላ

ዲዲ 215 ሲደርስ ከዲዲ 214 ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ዲዲ 214 በካውንቲ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ከነበረ ማረሚያውም እዚያ ይገባል። አንድ ቅጅ ወደ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት መላክ ያስፈልጋል። ፐርፕል ኸርት ባለቤቱን በጤና አገልግሎት ቅድሚያ ያሰጠዋል፤ ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ለቆሰለ ደግሞ የትምህርት ድጋፉን ሙሉ ያደርግለታል። የእግረኛ ተዋጊ ምልክትም የፍልሚያ ጉዳት ማስረጃን ያቀልላል። ሜዳዩ ራሱ በሌላ ጥያቄ ይታዘዛል፤ ለባለቤቱና ለቅርብ ቤተሰቡ የመጀመሪያው ምትክ ያለ ክፍያ ነው።